የስልሳ አራት ልጆች ቃል

በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ክራዶክ በምትባል ከተማ የሚያድግ አንድ ልጅ አያቱን ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር ግራ የሚያጋባው ነገር ነበር። አሮጊቷ አልፎ አልፎ በሐሳብ ይነጉዱና የልጅ ልጆቻቸው በማያውቁት ቋንቋ ለብቻቸው ያወራሉ። አፍሪካንስ አይደለም፤ እንግሊዝኛም አይደለም፤ በአካባቢው የሚነገረው ኮሳም አይደለም። ልጆቹ ነገሩ አስጨንቋቸው እናታቸውን ሲጠይቁ፣ አያታችሁ ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነውና አታስቡ ይሏቸዋል። ዘመኑ 1940ዎቹ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ አድገው ዶክተር ኔቪል አሌክሳንደር ተባሉ። በ1961 በጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። አገራቸው ተመልሰው አፓርታይድን በመታገላቸው ተያዙና ከ1964 እስከ 1974 ድረስ አሥር ዓመት በሮበን ደሴት ታሰሩ፤ ኔልሰን ማንዴላም በዚያው ደሴት እስረኛ ነበሩ። የአገሪቱ ሕግ «ከለርድ» (ክልስ) ብሎ የመዘገባቸው እኚህ ሰው የአያታቸውን ታሪክ ሙሉውን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው። አያታቸው ቢሾ ጃርሳ ይባሉ ነበር። ቋንቋው ኦሮምኛ ነው። የመጡትም ከኢትዮጵያ ነው፤ መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ በሳምቡክ፣ ከዚያ በጦር መርከብ፣ በመጨረሻም አህጉሩን በሚዞር የእንፋሎት መርከብ።

ቤተሰቡ ይህን ያህል ያውቃል። ከየትኛው አገር ቤት ወጡ? ማን ያዛቸው? ማን ሸጣቸው? ስንት ቀን ተጓዙ? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ እስከ ሥሩ ተከትለው የሄዱት የታሪክ ባለሙያዋ ሳንድራ ሮውልት ሼል ናቸው።

ሼል ወደ ታሪክ ጸሐፊነት የገቡት በቤተ መጻሕፍት በር ነው። ያኔ ግራሃምስታውን ትባል በነበረችው ከተማ በሚገኘው ሮድስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሪ በተባለው የታሪክ ምርምር ቤተ መጻሕፍት ሠርተዋል፤ ኋላም የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን የአፍሪካ ጥናት ቤተ መጻሕፍት መርተዋል። የዚህ ሙያ ሰው ውሎው ሌላው ተመራማሪ የሚፈልገውን ሰነድ መልቀም፣ መዘርዘርና ከጥፋት መጠበቅ ነው፤ ስሙ በመጽሐፍ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በምስጋና ገጽ ላይ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ሮበርት ሼል ደግሞ የኬፕ ባርነት ታሪክ አዋቂ ነበሩ፤ «የባርነት ልጆች» የተሰኘው መጽሐፋቸው በ1994 ታትሟል። ኮሪ ቤተ መጻሕፍት ከሚያስቀምጣቸው ስብስቦች አንዱ የላቭዴል ትምህርት ቤት መዛግብት ነው። ላቭዴል የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት፣ የደቡብ አፍሪካን ጥቁር ምሁራን በትውልድ ላይ ትውልድ ያፈራ ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወረቀቶች መካከል ስለ 64 የኦሮሞ ልጆች የተጻፉት ይገኙበታል፦ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ የባቡር ሐዲድ ገና ሳይዘረጋ፣ 64 ኢትዮጵያውያን ልጆች በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ምን ይሠራሉ?

መልሱ ያለው ቀይ ባሕር ላይ ነው። መስከረም 16 ቀን 1888፣ በእኛ አቆጣጠር የ1881 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ ገደማ፣ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ ጦር መርከብ ሦስት ሳምቡኮች አስቆመች። የመርከቧ አዛዥ ቻርልስ ጊሲንግ ይባላሉ። ሳምቡኮቹ ወደ ጅዳና ወደ ሞካ ገበያ የሚያደርሱት ሸቀጥ ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሁሉም ኦሮምኛ ተናጋሪ። አዛዡ ነጻ ያወጧቸውን 204 ሰዎች ወደ ኤደን ወሰዷቸው። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹን የአካባቢው ሙስሊም ቤተሰቦች ለማሳደግ ተቀበሏቸው። ከቀሩት ብዙዎቹን ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሼህ ዑስማን ያለው የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን አስጠጋቸው።

ነጻነት ግን ብቻውን ሕይወት አላተረፈም። ከደጋና ከወይና ደጋ የመጡ፣ በረሃብና በመንገድ የተጎሳቆሉ ልጆች የኤደንን ሙቀትና በሽታ አልቻሉትም፤ ዓመቱ ሳያልቅ 11 ልጆች ሞቱ። ሚሲዮናውያኑ ሌላ ማረፊያ ሲፈልጉ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረውን ላቭዴልን አሰቡ። ልጆቹ ነሐሴ 21 ቀን 1890 ላቭዴል ገቡ።

ታሪክ ጸሐፊዋን የያዛቸው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያው በ1890 እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ተጠይቆ፣ ቃሉ በአስተርጓሚ ተወስዶ ተጽፏል። ለሁሉም የቀረበው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ስምህ ማን ነው? አባትና እናትህስ? አገርህ የት ነው? ስንት ወንድምና እኅት አለህ? ቤተሰብህ መሬት ነበረው? በሬ፣ በግ ነበረው? እንዴት ተያዝክ? ለማን ተሸጥክ? እሱስ ለማን ሸጠህ? በየት በየት አልፈህ ባሕር ደረስክ?

የዚህን ሰነድ ዋጋ ለማየት ከሌላው ዓለም ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በአትላንቲክ ባሕር ላይ 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል አፍሪካውያን ተጭነው እንደነበር ተመራማሪዎች ያሰሉት ከመርከብ መዝገብ ነው። መዝገቡ የመርከቧን ስም፣ የጫነችውን ቁጥርና የተነሣችበትን ወደብ ይነግረናል። ሰውየው ወደብ ከመድረሱ በፊት የማን ልጅ እንደነበረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። በአሜሪካ ከ1936 እስከ 1938 ድረስ ከ2,300 የሚበልጡ የቀድሞ ባሮች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ እነዚያ ግን ነጻ ከወጡ ሰባ ዓመት አልፏቸው ያረጁ ሰዎች ነበሩ፣ አብዛኞቹም እዚያው አሜሪካ የተወለዱ። የላቭዴል ልጆች ነጻ ከወጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። የአባታቸውን በሬ ቁጥር፣ የሸጣቸውን ሰው፣ ያደሩበትን ገበያ ያስታውሳሉ። ስለ ባርነት ከተጻፈው ሁሉ እንዲህ ትኩስ የሆነ፣ ያውም ከልጆች አፍ የተወሰደ፣ ያውም በአንድ ዓይነት ጥያቄ 64 ጊዜ የተደገመ ምስክርነት እጅግ ብርቅ ነው።

ሼል ይህን ሀብት ሲያጠኑ ከመካከሉ አንድ ልብ የሚነካ ታሪክ መርጠው አላቆሙም። 64ቱንም አንድ በአንድ ወሰዱ። እያንዳንዱን መልስ ከሌላው ጋር እንዲነጻጸር አድርገው አደራጁ፤ የቤተሰብ ሁኔታ ለብቻ፣ የአያያዝ ምክንያት ለብቻ፣ የሻጭና የገዢ ቅብብሎሽ ለብቻ። የየልጁንም መንገድ በካርታ ላይ አሰመሩት። በ2013 ከኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኙት በዚህ ጥናት ነው፤ ያውም አብዛኛው ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ። መጽሐፉ «የተስፋ ልጆች» ተብሎ በ2018 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። ርዕሱ የባለቤታቸውን መጽሐፍ ርዕስ ያስታውሳል።

ካርታው ሲሰመር የታየው ምንድን ነው? በአትላንቲክ ታሪክ ሁላችንም የምናስበው መርከቧን ነው፤ መከራው ባሕር ላይ የጀመረ ይመስለናል። የነዚህ ልጆች ቃል ግን መከራው ብዙ ቀደም ብሎ፣ ገና በአገር ቤት እንደጀመረ ያሳያል። አንዱ ከቤት ወጥቶ በሳምንታት ባሕር ይደርሳል። ሌላው በመንገድ ላይ ካንድ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ውኃ እየቀዳና ከብት እየጠበቀ ዓመታት ያሳልፋል። የገዛው ሰው ያሳድረዋል፣ ያሠራዋል፣ ሲቸግረው ወይም ዋጋ ሲያገኝ ይሸጠዋል። ባሪያ ፈንጋይ ያልነው ሁልጊዜ ከሩቅ በፈረስ የመጣ ጨካኝ አይደለም። በወረራ የተማረከ አለ፤ በሚያውቀው ሰው እጅ የወጣም አለ።

የቢሾ ጃርሳ ቃል የዚህ ሁሉ መክፈቻ ነው። በ1887 በደረሰው ድርቅና በሽታ አባቷም እናቷም ሁለት ወንድሞቿም አለቁ። ቢሾ ብቻዋን ቀረች። የቀረችው በአባቷ ባሪያ እጅ ነው። እሱም ነፍሱን ለማትረፍ በጥቂት በቆሎ ለወጣት።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር የሚያስቆመኝ የበቆሎው ትንሽነት ብቻ አይደለም። የቢሾ አባት ባሪያ ነበረው። ልጅቷ የተሸጠችበት ቤት ራሱ ሰው የሚገዛና የሚያስገብር ቤት ነበር። ባለቤትነት የተገለበጠው ረሃብ በገባ በአንድ ወቅት ውስጥ ነው። ይህን የሚነግረን ጠላት አይደለም፣ የቅኝ ገዢ ሹምም አይደለም፤ አባቷን የምትወድ፣ የሞቱ ወንድሞቿን የምትቆጥር ልጅ ናት። ባርነትን እነ እገሌ በእነ እገሌ ላይ የሠሩት ክፋት ብቻ አድርገን መተረክ ለምናዘወትር ለእኛ፣ የዚህች ልጅ ቃል ከበድ ያለ ትምህርት ነው። ተቋሙ በየቤታችን ነበረ። በገዢውም፣ በተሸናፊውም፣ በክርስቲያኑም፣ በሙስሊሙም፣ በዋቄፈታውም ቤት።

በዚያ ዘመን አገሪቱ ላይ የወረደውን ስናስብ የልጆቹ ቁጥር ለምን እንደበዛ ይገባናል። በ1887 ጣልያኖች ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የከብት ቸነፈር በሬውን ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ አገር ምድሩን የመታው ረሃብ በአባቶቻችን አፍ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ይህን ረሃብ በሰነድ አጥንተው ለዘመናዊ አንባቢ ያቀረቡት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት። ከረሃቡ ጎን ደግሞ ጦርነት አለ። የደቡብና የምዕራብ ግዛቶች በጦር ሲያዙ ምርኮኛ በዛ፤ ምርኮኛ ሲበዛ ገበያ ሞላ። በጅማ ሒርማታ፣ በሊሙ ሳቃ፣ በጎጃም ባሶ፣ በሸዋ ሮጌ፣ ቡናውና ዝባዱ በሚሸጥበት ሜዳ ሰውም ይሸጥ ነበር። የላቭዴል ልጆች መንገድ የዚህ ንግድ መንገድ ነው።

ቢሾ ባሕር የደረሰችው ስድስት ሳምንት ያህል ተጉዛ ነው። ላቭዴል ከገባች በኋላ ተማረች፤ ከሴቶቹ ለመምህርነት ከሠለጠኑት ሁለቱ አንዷ እሷ ናት። በ1902 ላቭዴልን ለቃ ክራዶክ ሄደች፣ አስተማረች፣ ፍሬድሪክ ስኪፐርስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገባች። ለልጃቸው ዲምቢቲ የሚል ስም ወጣላት። በደቡብ አፍሪካ ሜዳ፣ ኦሮምኛ የሚሰማ ጎረቤት በሌለበት፣ ለልጅ የኦሮሞ ስም ማውጣት ምን ያህል ናፍቆት እንደሚጠይቅ እናስበው። ዲምቢቲ መምህርት ሆነች፤ የኔቪል እናት እሷ ናት።

ከጓደኞቿ መካከል ግን ላቭዴልም ገብተው ሞት የተከተላቸው አሉ፤ ጓደኞቻቸውን ቀብረው እዚያው ጎጆ የወጡ አሉ። አገራቸውን ሳይረሱ የኖሩም አሉ። በ1909፣ አዲስ አበባ በምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረ ጀርመናዊ አማካሪ በኩል በተደረገ ጥረት፣ 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ልጅ ሆነው በሰው እጅ ተነድተው ወጡ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ጎልማሶች ሆነው ገቡ። በዚያ ጊዜ አገራቸው ባርነትን ገና በሕግ አልዘጋችም ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ። ቀጥሎ የ1924 እና የ1931 ደንቦች ወጡ፤ ጨርሶ የሻረው አዋጅ የታወጀው በ1942፣ ማለት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አዋጅ በፊት የተወለዱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

የቢሾን ታሪክ ሳነብ ሌላ ልጅ ትዝ ትለኛለች። በ1886፣ ኦስፕሬይ ሦስቱን ሳምቡኮች ከማስቆሟ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የጣልያን መርከብ በዚያው ባሕር አስቴር ጋኖን ነጻ አወጣች። አስቴርን የስዊድን ሚሲዮን በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ አስተማራት። እዚያ አናሲሞስ ነሲብ ነበሩ፤ እሳቸውም በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው ተፈንግለው፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ ሰው። አስቴር የሕዝቧን ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ ከቃል ወደ ጽሑፍ ሰበሰበች። ከአናሲሞስ ጋር በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ አሳተሙ፤ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ ወጣ። ሁለቱም ወለጋ ገብተው አስተምረዋል። አናሲሞስ በ1931 ነቀምት ላይ አረፉ፤ አስቴር እስከ 1964 ኖሩ።

ሁለት ልጆች፣ አንድ ባሕር፣ አንድ ቋንቋ። አንዷ ቋንቋዋን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀመጠችና ቋንቋው በእጇ መጽሐፍ ሆነ። ሌላዋ ቋንቋዋን የሚሰማ እየጠፋ ሄደና ለብቻዋ የምታወራው ሆነ። ባርነት የሚወስደው ጉልበትን ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ኔቪል አሌክሳንደር ከእስር ወጥተው የቀረ ዘመናቸውን የሰጡት አፍሪካውያን ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ለመታገል ነበር፤ በ2008 የሊንጓፓክስን ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራቸው ነው። በ2012 አረፉ።

እኔ የምኖርበት የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አናሲሞስንና አስቴርን ከአባቶቿና ከእናቶቿ የምትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ከባርነት የወጡ ሰዎች በተከሉት ዛፍ ሥር ዛሬ ወጣቶች ይማራሉ። ከዚያ ወደ ጀሞ፣ ወደ ለቡ፣ ወደ ላፍቶ ብንወርድ፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የወለጋ፣ የጅማ፣ የከፋ፣ የጎጃም፣ የወላይታ ልጆች ቡና ይጠራራሉ። በእነዚህ ቤቶች ቅድመ አያቷ «ልጅ ሆና መጥታ በትልቅ ቤት ያደገች» የሚባልላት ሰው አትጠፋም። ከየት መጣች? ማን አመጣት? ትልቁስ ቤት የማን ነበር? ሲባል ወሬው ይቋረጣል።

የሚቋረጥበት ምክንያት ይገባኛል። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አጥንት ይመረመራል። የተሸጠው ወገን ቆጠራው እንዳይደርስበት ይፈራል፤ የሸጠው ወገንም እንዲሁ። ፍርሃቱ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል፤ ዝምታው ደግሞ የሚጠቅመው «ባሪያ» የሚለውን ስድብ ብቻ ነው። ታሪኩ ሳይነገር ቀረ፣ ስድቡ ግን በየሰፈሩ እስካሁን አልቀረም። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን በዚህ ዝምታ ውስጥ ሠርተዋል፤ አብዱሰመድ አህመድ ስለ ቤላ ሻንጉልና ጉሙዝ የባሪያ ንግድ የጻፉት ጥናት አንድ ምሳሌ ነው። ሆኖም የምሁራን ሥራ የሚቆመው ሰነድ ሲያልቅ ነው፤ ያልተጻፈው ሰነድ ያለው ደግሞ በየቤታችን ነው።

የሼል የሥራ ዘመን ያስተማረኝ ይህን ነው። በ1890 ልጆቹን የጠየቁት ሰዎች መልሱ አንድ ቀን ለማን እንደሚጠቅም አያውቁም ነበር። ጠየቁ፣ ጻፉ፣ አስቀመጡ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ወረቀቱን ቁም ነገር አድርገው ያዙትና 64 ሰዎች ከነአባታቸው ስም ወደ ታሪክ ተመለሱ። በመካከሉ አንዱ ሰንሰለት ቢበጠስ፣ ወረቀቱ ቢጣል ወይም ጥያቄው ባይጠየቅ፣ የቢሾ አባት ባሪያ እንደነበረው፣ የቢሾ ዋጋም ጥቂት በቆሎ እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ለመካኒሳው የሴሚናሪ ተማሪ፣ ለጀሞዋ የታሪክ መምህርት፣ ስልክ በእጁ ላለው የላፍቶ ወጣት የምለው ግልጽ ነው። በቤታችሁ ወይም በአጥቢያችሁ ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሞላቸው ሰው ካሉ፣ አክብራችሁ ቁጭ በሉና ጠይቁ። የላቭዴልን ጥያቄዎች ውሰዱ። የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቀዬ፣ መሬቱና በሬው፣ ማን ወሰደ፣ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ በየት ተመጣ። የተሸጠውን ብቻ ሳይሆን የሸጠውንና የገዛውንም ቤት ጠይቁ፤ የቢሾ ቃል የሚያስተምረን ሁለቱ አንድ ቤት ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። ድምፁን ቅዱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ተናጋሪው ከፈቀዱ አንዱን ቅጂ ለወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አስረክቡ። ስማቸው እንዳይነሣ ከፈለጉ አደራቸውን ጠብቁ። በዚህ ዓመት ያልተጠየቁ አዛውንት በሚቀጥለው ዓመት ላይገኙ ይችላሉና፣ ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።